የአባ በኩል መስታወት

ሙሐረም 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከጅዳ ስንመለስ በአባቴ በአባ በኩል ያለው የመኪናው መስታወት ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። አይወርድ፣ አይወጣ። እኔ ከመሪው በኩል ያለውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ እሳቸውም በራቸው ላይ ያለውን ተጫኑ፤ ወይ ፍንክች። ኤሲው እንደሆነ ካለፈው ዓመት ወዲህ ቀዝቃዛ ከመስጠት ይልቅ ማንኮራፋት ይቀናዋል። በዚህ ፀሐይ ግማሽ የተከፈተ መስታወት ማለት ምድጃ አፍ ላይ መቀመጥ ነው። አባ ሽማጋቸውን፣ የራስ ሻሻቸውን፣ ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ እኔ እናደዳለሁ። እንደተናደድኩ ሰፈራችን ጀርወል ደረስን።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ፣ አባን ከመካ ጅዳ አመላልሳለሁ። ከዓረፋ በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ፤ የከፊላቸው፣ የአሠሪያቸው፣ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ደግሞ ጅዳ ያለውን የእጥበት ማእከል ብቻ ነው። መኪናዋ የሳቸው ናት። ስንት ዓመት የሑጃጅ አውቶቡስ ነድተው የገዟት፣ እኔንም መንዳት ያስተማሩባት ናት። አርጅታለች። ይሽጧት ሲባሉ «እኔስ አርጅቼ የለ፣ ማን ሸጠኝ?» ይላሉ።

ይህን ደብተር ያስጀመረኝ ሙሐመዲን ነው። ሙሐመዲን ጅዳ ሰቢል የሚኖር የኛው የወሎ ልጅ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በስልክ ስለ መስታወቱ ስነግረው «መቼ እንደሚቆም፣ ሲቆም ምን ድምፅ እንደሚያወጣ ጻፊልኝ፤ በቃል ስታወሪ ትጨምሪበታለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እጨምራለሁ። በአማርኛ ስለምጽፍ ልጄ ሀዲል አታነበውም። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች በአማርኛ ስቆጣት ትሰማለች እንጂ ፊደሉን አልቆጠረችም።

ሙሐረም 5፣ ሰኞ

የማእከሉ ነርስ ሲስተር ፈለቀች የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። እሷን ማግኘታችን የአላህ ራሕመት ነው፤ አባ ሕመማቸውን በአረብኛ መናገር አይሆንላቸውም። ሚዛን ላይ አቆመቻቸውና «ጋሼ፣ ሁለት ኪሎ ውሃ ይዘው መጥተዋል። ደህና ነው፣ ከዚህ ግን አይለፍ» አለች። ኩላሊት ካላወጣው የጠጡት ሁሉ እዚያው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ለቀን የተፈቀደላቸው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ናት። ከዚያ ካለፈ ውሃው ሳንባ ላይ ይወጣል፤ «ሰው በደረቅ መሬት ይሰጥማል» አለችኝ።

ቀጥላ ስለ ምግቡ ልታስረዳን ወንበር ስትስብ ሰዓቴን አየሁ። ሙሐመዲን ለዙሁር ሶላት ወርሻውን፣ ጋራዡን፣ ይዘጋል። አባ ይስሙልኝ ብዬ ወጣሁ።

ሙሐመዲን ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። «ፊውዝ ቢሆን ኖሮ የኋላዎቹም ይቆሙ ነበር» አለ። ከመሪው በኩል ያለችውን መቆለፊያ ልጅ ነክቷት እንደሆን አየ፤ አልተነካችም። ከዚያ የጣሪያውን መብራት አበራና ቁልፉን ተጫኚ አለኝ። ስጫን መብራቱ ደብዘዝ አለ። መብራቱ ከደበዘዘ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው፤ ሞተሩ ግን ከብዶታል። ካልደበዘዘ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። እኔ ቁልፉን ይዤ እሱ በሩን በቡጢ ቢመታው መስታወቱ እያቃሰተ ወጣ። በሩን ፍታው ስለው አልፈልግም አለ፤ የውስጥ ሽፋኑ መያዣዎች ከማርጀታቸው የተነሳ ከተነኩ ይሰበራሉ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው።

ጅዳ ዛሬ ትፋጃለች። ማታ አባ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አየሁና ከሐብሐቡ መሃል ቀዝቃዛውን ቆርጬ ሰጠኋቸው። ፊታቸው በራ።

ሙሐረም 7፣ ረቡዕ

መካ መግቢያ ኬላው ላይ መስታወቱ እምቢ አለ። ወታደሩ የአባን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ሊያይ ይጠብቃል፣ አባ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ምንም የለም። በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ወታደሩ ጮኸባቸው። እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ኬላ ሰው ያሳለፉ ሰውዬ እጅ ወደ ላይ። እኔ ወርጄ ዞሬ አስረዳሁ። ኸላስ፣ እለፉ ተባልን።

መብራቱ ዛሬ አልደበዘዘም። ሰኞ ደብዝዞ ነበር። ለሙሐመዲን ደውዬ ነገርኩት፤ «አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚል ነገር ከሰው የመጣ ነው» አለ።

ሙሐረም 10፣ ቅዳሜ

ዓሹራ ነው። ሰዉ ሁሉ ጾመኛ። አባ መጾም ተከልክለዋልና እንደ ሕፃን አኮረፉ።

ጠዋት ጠዋት ሀዲል ይዛቸው ትወርድና መኪናው ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች፤ እኔ ቤቱን ዘግቼ እስክመጣ በሩን ከፈት አድርገው ይጠብቁኛል። ያን ሰዓት ይወዱታል። ከሐረም፣ ከታላቁ መስጊድ፣ ሱብሒ ሰግዶ የሚመለስ ጎረቤት ሁሉ በሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። አንዱ ሰላም ይላል፣ አንዱ ዱኣ ያደርጋል፣ አንዱ ከዚያ የያዘውን የተባረከ ውሃ፣ ዘምዘም፣ በኩባያ ይቀዳላቸዋል። ሁሉንም የምታስከነዳው ግን ከታች ፎቅ ያለችው ዋፋ ናት። አያቶቿ ከወሎ መጥተው መካ የከተሙ፣ አንደበቷ ማር የሆነ፣ ሰው ቤት ያለውን ሕመምተኛ ሁሉ የኔ ነው የምትል ሴት ናት። ዛሬ ከደረጃው ስወርድ «ለሺፋ ነው ጋሽ ሙሳ፣ እድናለሁ ብለው ነይተው ይጠጡት» ስትላቸው ሰማሁ። አባ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቢስሚላህ አሉ። እኔን ስታይ ሄደች።

ሚዛን፦ ሦስት ኪሎ ተኩል። ፈለቀች «ጋሼ ውሃ ያበዛሉ?» አለችኝ። አያበዙም አልኩ፣ ጠርሙሷን እኔ ነኝ የምሰጣቸው። ስናገር ግን የዋፋ ኩባያ ትዝ አለኝ።

ለኢፍጣር ሾርባ ሠራሁ። አባም ባይጾሙ አብረውን ይጠጡ ብዬ ሰጠኋቸው። ከሱ በኋላ ሐብሐብ።

ሙሐረም 14፣ ረቡዕ

ሙሐመዲን የአባን በር ቁልፍ አውጥቶ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሌላ ገጠመ። መስታወቱ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ላይ ሲወርድ እዚያው ቀረ። ሳቀብኝ። «ቁልፉ ተቀይሮ ያው ከሆነ ጥፋቱ የቁልፉ አልነበረም። አሮጌውን አውፍ በለኝ በዪው» አለ።

ቁልፉን ሲያወጣ ከበሩ ኪስ ውስጥ የወረቀት ኩባያ አገኘ። አንድ አይደለም፤ ተደራርበው ክምር ሆነዋል። ሁሉም ባዶ።

አባን ከማእከሉ ሳወጣቸው አላስቻለኝም። መንገዱን ሙሉ ተናገርኩ። እኔ ሌሊት ሚስፈላ ሰፈር የሆቴል አንሶላ ሳጥብ አድሬ፣ ጠዋት መሪ ይዤ፣ አንቱ ተደብቀው ይጠጣሉ አልኳቸው። የተከፈተው መስታወት ድምፄን ይበላል፣ ስለዚህ ጮህኩ።

«አልጠጣሁም» አሉ።

«ኩባያው ባዶ ነው።»

ሽማጋቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ሙሐረም 15፣ ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አባቴን ሌባ አደረግኳቸው። ግን ሌላ ምን ልበል? ኩባያው ባዶ፣ ሚዛኑ ከባድ። ሁለትና ሁለት አራት ነው። መዋሸታቸው ነው ያናደደኝ፤ አባ ዋሽተው አያውቁም። ለውሃ ብለው ዋሹ። የተጠማ ሰው ይዋሻል፣ ይገባኛል። ግን እኔ ምን ልሁን?

ከዛሬ ጀምሮ ብቻቸውን መኪና ውስጥ አይቀመጡም ብያለሁ። ጠርሙሷንም ወደ ግማሽ አወረድኳት፤ ተደብቀው ከሚጠጡት ጋር ይካካሳል። ግማሽ ሲያዩ የውሃውን ልክ በጣታቸው ነኩት። አሳዘኑኝና ሀዲልን ልኬ ሁለት ሐብሐብ አስመጣሁ፣ ቆራርጬ ፍሪጅ ሞላሁ። ይብሉት። ቢያንስ እሱ አልተከለከለም።

ሙሐረም 19፣ ሰኞ

ሚዛን፦ አራት ኪሎ።

አራት! እኔ ነኝ ይዤ የማወርዳቸው። ዋፋ አጠገባቸው አልደረሰችም። ማን ያጠጣቸዋል?

ከመጋረጃው ጀርባ ሐኪሙ ለፈለቀች በእንግሊዝኛ ሲናገር ሰማሁ። ልብ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ስወጣ ጠየቅኳት። «ልባቸው ሰፍቷል። እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን እዚህ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ» አለችኝ። ጥሩ ሴት ናት፤ አላድበሰበሰችም። «ቁጭ በይና ዝርዝሩን እንነጋገር» ስትለኝ ሙሐመዲን ተራ ይዞልኝ ነበርና ረቡዕ እንነጋገር አልኳት።

ሙሐመዲን በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ገልብጦ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለካ። የተቆረጠ የለም። በቡጢ መምታቱም ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። መስታወቱ ወርዶ ቀረ። ፕላስቲክ በቴፕ ለጠፍንበት። እስከ መካ ድረስ ሲርገበገብ አባ አንድ ጊዜ «እንደ አሮጌው አውቶቡሴ ሸራ ነው» አሉ። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። መለስኩላቸው ወይ? አልመለስኩም።

ሙሐረም 21፣ ረቡዕ

ሦስት ኪሎ ተኩል። ፈለቀች እረፍት ላይ። ፕላስቲኩ ተቀደደ። ሌላ ለጠፍኩ። ለሥራ ረፈደብኝ።

ሙሐረም 24፣ ቅዳሜ

ከዋፋ ጋር ተጣላሁ። ሥራ ስሄድ ወጥታ ታጠጣቸዋለች ብዬ ጠረጠርኩና ደረጃ ላይ አቁሜ አባቴን በዘምዘም ልትገድይብኝ ነው አልኳት። እንደዚህ ነው ያልኳት። አፌ ላይ ቁልፍ የለኝ። ዋፋ ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች ቆማ አየችኝ። «ዘምዘም ሰው አይገድልም፣ ራሕመት። ሰው ነው ሰው የሚገድል» ብላ ገባች። ሀዲል በአረብኛ «ማማ፣ አሳፈርሽኝ» አለችና ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ቤቱ ውስጥ የሚያናግረኝ ፍሪጁ ብቻ ነው።

አባ ቁርጭምጭሚታቸውን በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል፤ ሳነሳው ጉድጓዱ ቆይቶ ነው የሚሞላ። ሌሊት በሁለት ትራስ ነው የምደግፋቸው። ትናንት ሦስተኛ ጠየቁ።

ምግብ ቀንሰዋል። ሐብሐቡን ግን እሺ ብለው ይጨርሱታል። ሳህኑን ባዶ ሳየው ልቤ ያርፋል።

ሙሐረም 28፣ ረቡዕ

ዛሬ ሙሐመዲን በሩን ፈታው።

መጀመሪያ ሽፋኑን በቀስታ ሳብ አደረገ። እንደፈራው ሦስት መያዣ ተሰበረ፣ ተሳደበ። ከዚያ ውስጡን በባትሪ አየና ባትሪውን አጠፋ፣ መልሶ አበራ። «ነይ እስቲ» አለኝ።

በሩ ውስጥ ውሃ ቆሟል። ከታች ሞተሩ ድረስ ደርሶ፣ ሞተሩ ዝጎ፣ የሽቦው መጋጠሚያ ላይ ነጭ ነገር እንደ ደረቀ ጨው ተጋግሮበት። ሙሐመዲን ከጣቱ ጫፍ አሸተተው። ሽታ የለውም። በእያንዳንዱ መኪና በር ሥር ዝናብ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የኛዎቹ የመንገዱ አቧራ ደፍኗቸዋል። በሽቦ ሲወጋቸው ውሃው ሽርር ብሎ ወረደ። መስታወቱ አንዴ የሚሠራው አንዴ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ገባው፦ ሞተሩ ሲደርቅ ይነቃል፣ ሲረጥብ ይሞታል።

«ጅዳ ከክረምት ወዲህ ዘንቧል?» አለኝ።

«አልዘነበም።»

«መኪናውን በውሃ ጎማ ነው የምታጥቢው?»

በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ እንጂ ጎማ የለኝም አልኩት። ተቀምጦ አሰበ። ሲጠጣ ያፈሰሰ ሰው ይህን ያህል አያፈስም፣ ልብሱን ነው የሚያረጥበው አለ። ይህ ከላይ፣ በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል፣ ሆን ተብሎ የተንቆረቆረ ነው። አንድ ቀንም አይደለም።

እንግዲህ እኔ አሁንም የምጨምር ሴት ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን የምጨምረው ጠፋኝ። ከማእከሉ በር ላይ አባን ስቀበል ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ሙሐመዲን ሌላ ሞተር ገጥሞ ስለነበር መስታወቱ እንደ አዲስ ይሄዳል። አባ አወረዱት፣ አወጡት፣ አወረዱት። «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች» አሉ። ፈለቀች ልታናግረኝ ፈልጋ ነበር። በችኮላ ረሳሁት።

ሙሐረም 29፣ ሐሙስ

ጠየቅኳቸው። ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሀዲል በሌለችበት።

አባ መጀመሪያ ስለ ሞተሩ ጠየቁ፣ ተበላሽቶ እንደሆን። ከዚያ ነገሩኝ። ከሐረም ተሸክሞ አምጥቶ ለሺፋ የሚሰጥን ሰው አልፈልግም ማለት አይቻልም። አንድ ጊዜ ለዋፋ ሐኪም ከልክሎኛል ብለዋት አልቅሳ አስቸገረቻቸው። ሽንት ቤት መድፋት ነውር ነው። መሬት ላይ ሰው ይረግጠዋል። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፣ የምናጠጣው አንድ ተክል የለን። ስለዚህ ሰዉ ዞር ሲል ከንፈራቸውን ነክተው ቀሪውን በመስታወቱ ጥግ በሩ ውስጥ አፈሰሱት።

«ሾፌር አይደለሁ? በሩ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው አውቃለሁ። መንገድ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ለቁጥቋጦውም ለወፉም ይደርሳል ብዬ ነው። ቀዳዳው መደፈኑን ግን አላየሁም» አሉ። በመደፈኑ ከልብ ተናደው ነበር።

እውነት አልጠጡም ነበር። አንድ ጉንጭ እንኳ። በዚህ ሙቀት፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ሙሉ ኩባያ ዘምዘም በእጃቸው ይዘው፣ አፈሰሱት። እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ጮህኩባቸው። አውፍ በሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «አብሽሪ፣ መስታወቱ ተከፍቶ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም» አሉኝ።

ዋፋ ቤትም ወርጄ አውፍ አልኳት። ቀጥታ ይቅር አላለችኝም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጉልበቷ ሕመም አስቀምጣ ነገረችኝ። ይገባኛል።

ነገ ጁሙዓ ነው። አባን እክሳለሁ። ሀዲልን ትልቁን ሐብሐብ አምጪ ብያታለሁ፣ ሾርባውም በአጥንት ይሆናል።

ሶፈር 1፣ ቅዳሜ

ሆስፒታል ነኝ። መካ። ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ሌላ የምሠራው የለኝም።

ትናንት ከጁሙዓ በኋላ አብረን በላን። አባ ሾርባውን ጨረሱ። ሐብሐቡን ሳህን ሙሉ ሰጠኋቸው፣ ጨረሱ፣ ደገምኩላቸው። ሀዲል አያቷን እያሳቀች ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ጋደም ሊሉ ሲሉ ተነሥተው ተቀመጡ። አየር አጠረኝ አሉ። ደረታቸው ውስጥ የሚፈላ ነገር ይሰማል። ከንፈራቸው ጠቆረ። ከዋፋ ጋር ተሸክመን ነው ያወረድናቸው፤ ዋፋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አራት ፎቅ። መስታወቱን እስከ ታች አወረድኩላቸው፣ ጭንቅላታቸውን አወጡ። ጀርወል መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጥሩምባ ላይ ተኛሁበት።

እዚሁ ያለው ድንገተኛ ክፍል ተቀበላቸው። ማሽን ላይ አዋሏቸው፣ አምስት ኪሎ ውሃ አወጡ። አሉ። በሕይወት አሉ።

ፈለቀችን ደወልኩላት። ጅዳ ስላልመጣን እሷም ልትደውል ነበር። «ውሃ አልጠጡም፣ ወላሂ አልጠጡም፣ አሁን አውቄያለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ምን በሉ?»

ነገርኳት። ሾርባ። ሐብሐብ።

በስልኩ ውስጥ ወንበር ስትስብ ሰማሁ።

«ራሕመት፣ ሐብሐብ እኮ ውሃ ነው» አለች። «ሾርባውም። ለጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት ነግሬያቸዋለሁ፤ አንቺ ያን ቀን ለመኪናሽ ወጥተሽ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁት ወይ እሷ ዘጋችው፣ አላስታውስም። ስንት ሐብሐብ እንደቆረጥኩ ለማስላት ሞከርኩና ተውኩት። ጠርሙሷን በግማሽ ቀንሼ ሳህኑን እጥፍ አደረግኩ። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በቢላዬ። ሌላ ሰው ደረጃ ላይ አቁሜ በዘምዘም ልትገድይ ነው ያልኩት እኔ።

ሶፈር 3፣ ሰኞ

አባ ዛሬ ዓይናቸውን በደንብ ገለጡ። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፣ ድምፃቸው ቀጥኗል። ሐኪሙ ልባቸው ተዳክሟል ግን ከተጠነቀቅን ቤት ይመለሳሉ አለ። ሀዲልን ጠየቁ። መኪናዋ የት እንደቆመች ጠየቁ። ጥላ ሥር ናት አልኳቸው።

ልተወው ብዬ ነበር። አልቻልኩም።

«አባ፣ ፈለቀች ስለ ሐብሐቡ ነግራዎት ነበር?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ለምን ይበሉታል? ውሃ መሆኑን እያወቁ?»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ጣታቸው አንሶላው ላይ ሲሄድ አየሁ፣ እጄን እየፈለጉ ነው። ሰጠኋቸው።

«ሳህኑ ባዶ ሲሆን ፊትሽን አየዋለሁ» አሉ። «ሌላ ደስታ የለሽም። የሰዉን በሩ ውስጥ አፈሰስኩት። ያንቺን የት ላፍስሰው?»

ጥጥ በውሃ ነክሬ ጨመቅሁት፤ ከንፈራቸውን አራስኩላቸው። ሐኪሙ የፈቀደልኝ ያንን ብቻ ነው።